ፀጉር ያልነበረው ፓራውልት

ሉሚር ኩቢቼክ ወደ ጌይለን ስትሩፕ መኪና ሲጠጋ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው ፓራውልቱ ላይ ነው። ራሱ ያቃናው፣ ራሱ የወለወለው ፓራውልት ነው። የፊት ታርጋ ይታሰርባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች የት እንደነበሩ ከእሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንዲያ አድርጎ ነው የደፈናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቱን ነፍቶ ያየው ነበር። ያን ዕለት ግን ፊቱን ወደ በረዶው አዞረና ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለው ጌይለን። «ዛሬ እኮ ሠርጋችን ነው! ሦስት ክረምት የለፋንበት ቀን!»

«እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ንግግር ስታጠና ነዋ! አንተ ከብረት ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት መቼ ታውቅበታለህ?» ሳቀና ካርቶን ወረወረለት። «እንካ፣ የፕሪም ፍሬ የገባበት ኮላች ዳቦ ነው። ሊንከን እስክንደርስ አፍህን አሟሽበት።»

ሉሚር ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠው እንጂ አልከፈተውም። ዛሬ ሊንከን ባለው የግዛቱ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሊናገር ነው። ምን እንደሚናገር ግን ገና አልወሰነም፤ ወይ ሦስት ዓመት የተመኘውን ሕግ ያገኛል፣ ወይ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ያጣል። ሁለቱንም ይዞ ወደ ታቦር የሚመለስበት መንገድ አልታየውም።

ሉሚር በታቦር ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ባትላሜራ ነው። የተጨረማመተ በር፣ የታጠፈ ኮፋኖ፣ የተገነጠለ ፓራውልት፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ግን ደሙን ያፈላዋል፤ የፊት ታርጋ። እኛ ነብራስካዎች ከፊትም ከኋላም እንድንለጥፍ ሕጉ ያዘናል። ለአንዳንዱ መኪና ማምለጫ አለው፣ ለአብዛኛው ግን የለውም። ድንበሩን ተሻግረህ ካንሳስ ብትገባ ከኋላ አንድ ይበቃል።

«ጤነኛውን ብረት በትራፓኖ ብሳው ይሉኛል!» ይል ነበር ሉሚር፣ ሰሚ ባገኘ ቁጥር። «ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው በየት ይገባል? በዚያችው በብሎኗ ቀዳዳ! ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ደግሞ ሉሚር አድነን ብለው እኔው ጋ!»

ይሄን ማጉረምረም ወስዶ ማኅበር ያደረገው ጌይለን ነው። ጌይለን የእህል ጎተራው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ምላሱ ቅቤ የሚያቀልጥ ሰው ነው። ማኅበሩን «ባዶ ግንባር» አለው። በፖልካ ጭፈራው፣ በአውራጃው አውደ ርእይ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየዞሩ የፊት ታርጋ ይቅር የሚል ፊርማ አሰባሰቡ። አባላቱ ለተቃውሞ ብለው የፊት ታርጋቸውን ነቀሉ፤ ሉሚር ቀዳዳውን በነፃ ደፈነላቸው። የሸሪፉ ሰዎች ሲቀጧቸው እየሳቁ ይቀጣሉ። መጀመሪያ የተደፈነው የጌይለን ነው፤ ሊቀ መንበር አይደል!

ጌይለንን ክፉ ሰው ነው የሚል ታቦር ውስጥ የለም። የሉሚር ሚስት አርሊስ በካንሰር ስትማቅቅ በየሳምንቱ ኦማሃ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ሉሚር የዚያን ጊዜ ከሐዘን የተነሳ መሪ መያዝ አልቻለም ነበር። ጌይለን ያን ሁሉ መንገድ እየነዳ፣ እያሳቃት፣ ብርድ ልብሷን እያስተካከለላት ወስዶ መለሳት። ስትሞትም ጋራዡ ድረስ መጥቶ ከሉሚር ጋር ተቀምጧል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄ ወሬ ምን ችግር ነበረው!

አሁን ወዳለፈው ኅዳር ልመልሳችሁ። በኅዳር አጋዘኖቹ ያብዳሉ። ወንዱ ሴቷን ሲያሳድድ ጭንቅላቱን ጥሎ መንገድ ላይ ይወረወራል፣ እኛም እንገጨዋለን። የሉሚር ጋራዥ በዚያ ወር ሌላ ሥራ የለውም። ደንበኞቹ «ቀንዱን አስቀምጥልኝ» ብለው ይሄዱና ሳይመለሱ ይቀራሉ፤ እሱም ግድግዳው ላይ ይቸነክረዋል። ጓደኛው ኦትማር ሃቬል በገባ ቁጥር ቀና ብሎ ያይና «ይሄ ጋራዥ ነው ወይስ የአጋዘን መካነ መቃብር?» ይለዋል። ኦትማር አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ሉሚር ትልቁን ጥሩምባ እየነፋ፣ እሱ አኮርዲዮኑን እየሳበ ስንቱን ሠርግ አብረው አስጨፍረዋል። ቀልድ ካልተናገረ ምሳው አይፈጭለትም።

ጌይለን በዚያ ኅዳር አንድ ጠዋት ነጣ ያለ መኪናውን ይዞ መጣ። ፓራውልቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ የፊት መብራት ረግፏል፣ ኮፋኖው ሰርጉዷል።

«አጋዘን ነው?» አለው ሉሚር። ልማዱ ነው፤ በኅዳር ለመጣ ሁሉ የሚላት ቃል ናት።

ጌይለን ትንሽ ዘግይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ። አጋዘን።»

እስከ ምሳ ድረስ ወሬው ታቦርን አዳረሰ። ኦትማር በዋዜማው ሲመሻሽ ከእርሻው በር ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን ደብዳቤ ሊያወጣ ሲወጣ መኪና ገጭቶት አምልጧል። የጎረቤቱ በር ላይ ያለው ካሜራ መኪናውን ከፊት አይቶታል፤ ነጣ ያለ ነው፣ ግንባሩ ባዶ ነው። ካለፈ በኋላ ደግሞ የታየው የኮረኮንቹ አቧራ ብቻ ነው። ከሸሪፉ ቢሮ አንዱ መጥቶ ሉሚርን «ፊቱ የተመታ መኪና ገብቶልሃል?» አለው።

«በኅዳር?» ሉሚር ሳቀበት። በሰልፍ የቆሙትን መኪናዎች በእጁ አሳየው። «ምረጥ! ሁሉም አጋዘን ነው።» ሰውየውም ስቆ ሄደ።

ሉሚር የጌይለንን መኪና የፊት ፍርግርግ የፈታው በማግስቱ ነው። አጋዘን የመታ መኪና ፀጉር አለው። በብሎኑ ሥር፣ በመብራቱ ጀርባ፣ በየስንጥቁ ይሰገሰጋል፤ ጠርገህ አትጨርሰውም። ሉሚር መብራት ይዞ ተንበረከከና ፈለገ። አንዲትም ፀጉር የለችም። ዝናብ አጥቦት ይሆናል አለ በልቡ። በዚያ ሳምንት ዝናብ የሚባል ነገር አልጣለም፣ ያንንም ያውቃል። ግን ፓራውልቱን አቃና፣ ወለወለ፣ አስረከበ። ምን ያድርግ? ሰው የሚወደውን ሰው በፀጉር ይከሳል እንዴ?

ኦትማር አልሞተም። ግን ምን ነፍስ ቀረው? ከወገቡ በታች ሰውነቱ አይታዘዝለትም፣ ቀኝ እጁ ደርቋል፣ ምላሱ ከብዷል። ማኅበረ ምእመናኑ መርጃ የሚሆን እራት አዘጋጁለት፤ ቺሊ የሚባል የባቄላና የሥጋ ሾርባ ከቀረፋ ዳቦ ጋር። ከሁሉ በላይ ሲሯሯጥ ያመሸው ጌይለን ነው። ሉሚር ሳህኑን ሲዘረጋለት ጌይለን ጭልፋውን ከሳህኑ አጠገብ ገለበጠውና ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ተያዩ። ጌይለን «ይቅርታ» አለና ጠረገው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሉሚር ያን ሾርባ እያሰበ ነው እስከ የካቲት የደረሰው።

«ቭላስታ ልትመጣ ነው ተባለ» አለ ጌይለን፣ ወደ ሊንከን የሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሲወጡ። ቭላስታ የኦትማር ሚስት ናት። «ልትቃወመን። ኦትማርንም ይዛው ነው የምትመጣው።»

«መብቷ ነው።»

«መብቷ ነው፣ ማን አይደለም አለ? ደጋፊ ግን ቀድሞ ነው የሚናገረው። ከኦትማር ጋር ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ሰው ተነስቶ ሕጉን ሲደግፍ ካዩ የሷ እንባ ይበርዳል። ለዚህ ነው የምትጠቅመን።»

ሉሚር ወደ እሱ ዞረ። «ጌይለን» አለው።

«አቤት።»

«ያ አጋዘን ወንድ ነበር ሴት?»

አንድ የጭነት መኪና የበረዶ ውኃ እየረጨባቸው አለፈ።

«ጨለማ ነበር» አለ ጌይለን።

«ሬሳውስ?»

«ሮጦ ጠፋ።»

«ፀጉር አልነበረውም እኮ፣ ጌይለን።»

ጌይለን እጁን ሰዶ ሬዲዮ ከፈተ። የእህል ዋጋ ይነገራል። ሰማው፣ ሰማው፣ ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ በዝግታ ተናገረ። «አርሊስን ኦማሃ ስወስዳት አንድም ቀን ጥያቄ ጠይቄህ አላውቅም።»

ሊንከን ሲደርሱ ሉሚር ያልተከፈተውን ካርቶን ወንበሩ ላይ ትቶት ወረደ።

በእኛ አገር ምክር ቤት ማንኛውም ረቂቅ ሕግ ሕዝብ ሳይሰማበት አያልፍም። ማንም ሰው ገብቶ መናገር ይችላል፤ ወግ ግን አለው። መጀመሪያ ደጋፊ፣ ቀጥሎ ተቃዋሚ፣ መጨረሻ ላይ ገለልተኛ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ስምህን ትናገራለህ፣ በፊደል እየቆጠርክም ታስመዘግባለህ። ፊትህ ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ስትሆን ትናገራለህ፣ ቢጫ ስትሆን ትጠቀልላለህ፣ ቀይ ስትሆን አፍህን ትዘጋለህ። ነብራስካ ውስጥ ያን ቀይ መብራት የሚደፍር ሰው ብዙ የለም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኦትማር በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ የእሑድ ሱፉን ለብሶ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ። ሉሚርን ሲያይ ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ፤ ግማሹ አይችልም። ሉሚር ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ጌይለን ተነስቶ ተናገረ። መቼስ ሲናገር! ስለ ዝገት፣ ስለ ካንሳስ፣ ስለ ነፃነት ተናገረ፣ የኮሚቴውን አባላት አሳቃቸው፣ ቢጫው ሲበራ ጠቀለለ፣ ቀዩ ሳይበራ ተነሳ። ተመልሶ ሉሚር አጠገብ ሲቀመጥ አንገቱ ላይ ላብ ነበር።

«ሌላ ደጋፊ አለ?» አለች ሰብሳቢዋ። ሽበት የወረራት፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

ጌይለን በክርኑ ጎሸመው። «ተነሳ እንጂ!»

ሉሚር አልተነሳም።

«ሉሚር! ምን ሆነሃል?»

«ሌላ ደጋፊ ከሌለ ወደ ተቃዋሚዎች እናልፋለን» አለች ሰብሳቢዋ።

ጌይለን በሉሚር ጆሮ ተጠጋ። «እባክህ» አለው። እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ቭላስታ ሃቬል ቀረበች። የእርሻ ሴት ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው። አላለቀሰችም። ስሟን በፊደል ቆጠረችና ጀመረች።

«እኔ ስለ ሕግ አላውቅም። ባሌ ፖስታ ሊያመጣ ወጣ። ስፈልገው ቦይ ውስጥ አገኘሁት። መኪናው ቆሞ ነበር፤ የቆመበት ዱካ ኮረኮንቹ ላይ አለ። ሰውየው ወርዷል፣ የጫማው ዱካም አለ። ወርዶ አይቶት ነው የሄደው። እዚህ ያሉት ሰዎች ስለ ዝገት ያወራሉ። ፊቱ ላይ ታርጋ ቢኖር በማግስቱ በተገኘ ነበር። እኔ እንዲታሰር ብዬ አይደለም። ማን እንደሆነ ልወቅ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እገባና የሰዉን ሁሉ ፊት አያለሁ። ይሄ ይሆን? ያ ይሆን? ሰላም ብዬ የሰው እጅ ስጨብጥ እጁን አያለሁ። ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠልቻቸዋለሁ። ይሄው ነው።»

አረንጓዴው ገና ሳይጠፋ ተነሳች። ጌይለን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞታል።

ሌሎች ሁለት ተቃዋሚዎች ተናገሩ። ሉሚር ምን እንዳሉ አልሰማም።

«በገለልተኛነት የሚናገር አለ?» አለች ሰብሳቢዋ፣ ወረቀቷን እየሰበሰበች። ብዙ ጊዜ ማንም አይኖርም።

ሉሚር ተነሳ። ጌይለን የኮቱን ጫፍ ያዘው። ሉሚር ጎተተና አስለቀቀው።

«ሉሚር ኩቢቼክ» አለና ፊደሎቹን ቆጠረ። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። «ባትላሜራ ነኝ። ይሄ ሕግ እንዲለወጥ ሦስት ዓመት ለፍቻለሁ። ልደግፍ ነበር የመጣሁት። እደግፋለሁ ልል ብል አፌ እምቢ አለኝ፤ እቃወማለሁም አልልም፣ አሁንም ጤነኛ ብረት መብሳት አልወድም። ስለዚህ እዚህ ነኝ፣ መሃል ላይ።»

«ይቀጥሉ» አለች ሰብሳቢዋ።

«የማኅበራችንን መኪናዎች ቀዳዳ የደፈንኩት እኔ ነኝ። መንገዳችን ኮረኮንች ነው። መኪና ሲያልፍ ከኋላው አቧራ ነው፤ የኋላ ታርጋ አይታይም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅሁ ደፈንኩ። በኅዳር አንድ መኪና መጣልኝ፣ ፊቱ የተመታ። ሰውየው አፉን ሳይከፍት አጋዘን ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ራሱን ነቅንቆ አዎ ብቻ አለ። ከዚያ ፍርግርጉን ስፈታ ፀጉር የለም። አጋዘን ፀጉር ይተዋል፣ እመቤቴ። ያ መኪና ፀጉር አልነበረውም። የመጣልኝም ኦትማር ሃቬል በተገጨ ማግስት ነው። ዝም አልኩ።»

ከኋላ ቭላስታ ብድግ አለች፤ ወንበሯ ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ።

መብራቷ ቀይ ሆነች። ሉሚር አያት። ዕድሜውን ሙሉ ቀይ ሲበራበት የሚቆም ሰው ነው።

«ቀይ በርቷል፣ እመቤቴ።»

«መብራቱን ይተዉት» አለች ሰብሳቢዋ። «ሰውየውን ያውቁታል?»

ሉሚር ወንበሩ ላይ ዞረ። እንባው ይወርዳል፣ አላበሰውም። «ጌይለን» አለ። «እኔ ከምነግራቸው አንተ ብትነግራቸው ይሻላል። ስለ አርሊስ ብለህ።»

የጌይለን ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ የፊተኛውን ወንበር ይዞ ተነሳና ቭላስታን ሳይሆን ኦትማርን አየ።

«አጋዘን መስሎኝ ነበር» አለ። «ወርጄ እስካየው ድረስ አጋዘን መስሎኝ ነበር።»

የምክር ቤቱ ጠባቂ መጥቶ ክንዱን ያዘው፣ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚያዝ። በኦትማር አጠገብ ሲያልፉ ጌይለን ቆመ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት። ወሰዱት።

ረቂቁ በዚያው ቀረ። ለነገሩ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀበትም።

ሉሚር ውጭ ደረጃው ላይ ቆሞ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። የመጣበት መኪና ፊት ለፊቱ ቆሟል፣ ፓራውልቱ እያበራ፤ ቁልፉ ግን የለውም፣ ቢኖረውም አይነካውም። የማኅበሩ ሰዎች እያዩት አለፉ። አንዱ ወደ እሱ ተፋ። ሌላው ትከሻውን ነካ አደረገው። የቀሩት አቀርቅረው ሄዱ።

የነቭላስታ መኪና አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ቭላስታ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ከኅዳር ጀምሮ?» አለችው።

«ከኅዳር ጀምሮ።»

«መርጃው እራት ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ ቺሊ ስትበላ?»

«ያኔም።»

«ገና ባሌ ሆስፒታል ሳለ እጄን ይዘህ አይዞሽ ስትለኝ?»

«ያኔም፣ ቭላስታ።»

መሪው ላይ ጣቶቿ ነጡ። የምትመታው መሰለው፤ ብትመታውም ደስ ባለው። «ግባ» አለችው። «በረዶ ሊጥል ነው። ከኋላ ግባ፣ ከእሱ ጋር። እኔን ግን እንዳታናግረኝ። ታቦር እስክንደርስ አንዲት ቃል እንዳልሰማ።»

ገባ። የኦትማር ተሽከርካሪ ወንበር በቀበቶ ታስሮ ቆሟል፣ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። መኪናው ተነሳ። ሉሚር እጆቹን አፍጥጦ ያያል፤ በጥፍሮቹ ሥር ለዓመታት ያልወጣ የቀዳዳ መድፈኛ እስቱኮ አለ። ከከተማው ወጡ፣ ሜዳው ነጭ ሆነ።

ኦትማር ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ድምፅ አሰማ። ቃሉን ለማውጣት ይታገላል፤ አንዷን ቃል ለማውጣት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሉሚር ጎንበስ አለለት። ስድብ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፣ ይገባኛልም አለ በልቡ።

«ታዲያ...» አለ ኦትማር። ግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ ነበር። «ታዲያ ቀንዴን... አስቀመጥክልኝ?»

ሉሚር ፊቱን በኦትማር ጉልበት ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኦትማር ደህና በቀረችው በግራ እጁ ራሱን ይዳብሰው ነበር፤ ቭላስታም በመስታወቱ አየቻቸው፣ ግን መኪናውን አላቆመችም።